የ3 ዋት ገበያ፦ ሆሳዕና ከመሸ በኋላ ምን ያህል ትከስራለች?

“የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው” የሚለው ተረት ሀዲያና ከምባታ ሲደርስ “የግቤን ልጅ ጨለማ ወረሰው” ተብሎ ቢነገር የሚከፋ ሰው አይኖርም። በግቤና ኦሞ ተፋሰስ ላይ ግልገል ግቤ ቁጥር 2 ለ420፣ ግቤ 3 ደግሞ ለ1,870 ሜጋ ዋት ተተክለዋል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ይህ ሁሉ ሜጋ ዋት እያለ ከሆሳዕና ገበያ ዕቃውን ጭኖ ወደ መንደሩ የሚመለሰው ባለ ሳይክል የሚፈልገው 3 ዋት ብቻ ነው። እሷኑ አላገኘም።

ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ ግን የገበያ ጉዳይ ነው። እንደሚታወቀው አገራችን ለምድር ወገብ የቀረበች በመሆኗ የሆሳዕና ፀሐይ በበጋም በክረምትም ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ትጠልቃለች። እንደ አውሮፓ በበጋ እስከ እኩለ ሌሊት የሚዘልቅ ወጋገን የለም። ማታው ድንገት ነው የሚወርደው፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መንገዱና ጉድጓዱ አይለዩም። ስለዚህ ከከተማው 8 ወይም 10 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚኖር ቸርቻሪ ገበያው ገና ሳይበርድ 11 ሰዓት ላይ ሸራውን ማጠፍ ይጀምራል። ቆጮ፣ ድንች፣ በርበሬ፣ ቅቤ ወይም የላስቲክ ጫማ ሊሸጥ ይችላል፤ የሚያስቸኩለው ግን የዕቃው ዓይነት ሳይሆን መንገዱ ነው።

የኢኮኖሚክስ ተማሪ ይህን “የዕድል ዋጋ” ይለዋል። በተራ አማርኛ ሲነገር፣ ሰውዬው ባይጨልምበት ኖሮ ሊያገኘው ይችል የነበረው ገንዘብ ማለት ነው። ለምሳሌ ያህል ብቻ ይህ ቸርቻሪ አንድ ሰዓት ቢጨምር በቀን 40 ብር ትርፍ ያገኛል እንበል። የመንግሥት ሠራተኛውና የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ከሥራና ከትምህርት ወጥተው ገበያ የሚገቡት በዚያች ሰዓት ስለሆነ ግምቱ የተጋነነ አይደለም። በወር 25 ቀን ቢሠራ 1,000 ብር፣ በዓመት 12,000 ብር ይሆናል። ይህን ገንዘብ የወሰደበት ግብር ሰብሳቢም ሌባም አይደለም፤ ጨለማው ነው። ቁጥሮቹን ነጋዴው በራሱ ሱቅ ልክ ይቀያይራቸው፤ ስሌቱ ግን ያው ነው።

ዲናሞው የት ገባ?

በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰዎች ነገሩን ያስታውሱታል። የሻንጋዩ ፊኒክስና የሕንዱ ሂሮ በአገራችን መንገድ ላይ በነገሡበት ዘመን ብዙዎቹ ሳይክሎች በፎርኬታቸው ጎን ጠርሙስ የምትመስል ትንሽ ብረት ያንጠለጥሉ ነበር። ሲመሽ ነጂው ወረድ ብሎ ወደ ጎማው ይጫናታል። ከዚያ በኋላ የሳይክሉ መምጣት ከሩቅ በድምፅ ይታወቃል፤ እንደ ንብ ይጮሃል፣ የፊቱ አምፑል ቢጫ ብርሃን ይረጫል፣ ከኋላ ፓራፋንጎው ላይ ቀይ ነጥብ ትታያለች። ባትሪ አይጠየቅም፣ ነዳጅ አይጠየቅም፣ የመብራት ኃይል ቆጣሪም አይቆጥርም። ጎማው እስከዞረ ድረስ ብርሃን አለ።

ዛሬ በየሱቁ በር ላይ የተደረደረውን ሳይክል ብትመለከቱ ባለ ብዙ ማርሽ፣ ባለ ወፍራም ጎማ፣ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ “ማውንቴን” ነው። ይህ ዓይነት ሳይክል በተፈጠረበት አገር ለስፖርትና ለመዝናኛ የታሰበ ስለሆነ በዓለም ዙሪያም ሲሸጥ በአብዛኛው መብራት የለውም። እኛ ዘንድ ግን የሚገዛው ሰው ለመዝናኛ አይደለም የሚገዛው፤ ጄሪካን፣ ዳቦ፣ ወተትና ሳር ይጭንበታል። ለሩጫ የተሰፋ ጫማ ገዝቶ እርሻ እንደመውረድ ነው።

ለመሆኑ ዲናሞውን ከገበያ ያወጣው ማን ነው? ማንም አላገደውም። ገዢው ሱቅ ሲገባ የሚያየው የመጀመሪያውን ዋጋ ብቻ ነው። አስመጪው ይህን ስለሚያውቅ ከዋጋው ላይ ሊቀነስ የሚችለውን ሁሉ ይቀንሳል። ደወሉ፣ የዕቃ መጫኛው፣ ፓራፋንጎውና መብራቱ አንድ በአንድ ወጡና ባዶ ሳይክል ቀረ። ገዢው ግን የረከሰ አይደለም የገዛው፤ ዕዳውን በየሳምንቱ በባትሪ ድንጋይ እንዲከፍል ተደርጎ ነው የሸጡለት። እንደገና ለምሳሌ ያህል፣ በሳምንት 50 ብር ለባትሪ ድንጋይ የሚያወጣ ሰው በዓመት 2,600 ብር ከኪሱ ይወጣል። ይህን ወጪ በአንድ ጊዜ ቢጠየቅ “ጠፋሁ!” ይላል፤ በሃምሳ ሃምሳው ሲሆን ግን አይታየውም።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ይሄኛው ከገበያ ሕግ አንጻር ይበልጥ የሚያሳስብ ነው። የሳይክል መብራት የሚጠቅመው ነጂውን ብቻ አይደለም። ከፊት ለፊቱ የሚመጣው የባጃጅ ሹፌር፣ መንገድ ዳር የምትሄደው እናት፣ ከኋላው የሚደርሰው አይሱዙ ሁሉም ይጠቀማሉ፤ የከፈለው ግን አንዱ ነው። ጥቅሙ ለብዙ ሰው፣ ወጪው ለአንድ ሰው በሆነበት ቦታ ገበያ ብቻውን ከሚያስፈልገው ያነሰ ያቀርባል። በአገራችን መንገዶች በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይሞታሉ። ሳይክል የኋላ መብራት እንዲኖረው ማድረግ ከአንድ አምቡላንስ ጎማ ዋጋ በታች የሚያስወጣ ነገር ነው።

ዴንማርኮች ይህንኑ በተግባር ፈትነውታል። እ.ኤ.አ. በ2004 እና 2005 በኦዴንሴ ከተማ ወደ 4,000 የሚጠጉ ሳይክል ነጂዎች ለሁለት ተከፈሉ። ግማሽ ያህሉ ቀንም ማታም የማይጠፋ መብራት ተሰጣቸው፤ ሌሎቹ እንደነበሩ ቀሩ። በዓመቱ መጨረሻ መብራት በተሰጣቸው ዘንድ ጉዳት ያደረሰ አደጋ በ19 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። መብራቱ ባትሪ አልነበረውም፤ በራጂው ላይ የታሰሩ ማግኔቶች በመብራቱ ውስጥ ባለው ጥቅል ሽቦ አጠገብ ሲያልፉ የሚያመነጩትን ኤሌክትሪክ ነበር የሚጠቀመው። ጎማውን የሚነካ ነገር እንኳ የለውም።

ሂሳቡ በእግር ነው

የዲናሞ ምሥጢር እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 ያገኘው ነው። ማግኔት በጥቅል ሽቦ አጠገብ ሲንቀሳቀስ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። የሕዳሴ ግድብ ተርባይንም፣ የባጃጁ ሞተር ሥር ያለው ዲናሞም፣ የሳይክሏ ጠርሙስም የሚሠሩት በዚሁ ሕግ ነው፤ ልዩነቱ የሚያዞራቸው ነው፤ አንዱን ውኃ፣ አንዱን ቤንዚን፣ አንዱን ቆጮ የበላ እግር።

መደበኛው የሳይክል ዲናሞ 6 ቮልት እና 3 ዋት ነው። ከዚህ ውስጥ 2.4 ዋቱ ለፊት፣ 0.6 ዋቱ ለኋላ መብራት ይመደባል። ሳይክሉ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ትልቁ ጎማ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ገደማ ሲዞር፣ ከጎማው ጋር የተሳሳመችው ትንሿ ራስ ግን በሰከንድ ከ50 ጊዜ በላይ ትሽከረከራለች። የሚያስጮሃት ይኸው ፍጥነት ነው።

“ኃይሉን የሚከፍለው ማነው?” የሚል አንባቢ ትክክለኛ ነጋዴ ነው፤ በነፃ የሚገኝ ነገር የለምና። በጎማ የምትዞረው ዲናሞ ከተሰጣት ኃይል ብዙውን በፍጭትና በሙቀት ስለምታባክን 3 ዋት ለመስጠት ከነጂው እግር ከ7 እስከ 10 ዋት ትወስዳለች። አንድ ጤነኛ ሰው ዘና ብሎ ሲነዳ ከ75 እስከ 100 ዋት ያወጣል፤ ስለዚህ ዲናሞው ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ገደማ ይቀርጠዋል ማለት ነው። ይህ እንደ ታክስ ቢታይ ከተጨማሪ እሴት ታክስ ያነሰ ነው። በምግብ ሲተመን ደግሞ ለአንድ ሰዓት መብራት የሚያስፈልገው ተጨማሪ ጉልበት ከአንድ ጉርሻ ቆጮ አይበልጥም። የባትሪ ድንጋይ በአንድ ጉርሻ ቆጮ የሚሸጥ ሱቅ ካለ አድራሻውን ለነጋዴው ሁሉ ማሳወቅ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ዲናሞ በፊተኛው ጎማ መካከል፣ በሞዞው ውስጥ ተቀብሮ የሚሠራ ነው። የእንግሊዙ ስተርሚ አርቸር በ1930ዎቹ አጋማሽ ለገበያ አቅርቦት ነበር፤ ዛሬ የጃፓኑ ሺማኖና የጀርመኑ ሽሚት በሰፊው ይሠሩታል። ከተሰጠው ኃይል 60 በመቶና ከዚያ በላይ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል፤ አይጮህም፤ ጎማውን አይበላም፤ ዝናብና ጭቃ አያንሸራትተውም። ጉድለቱ ዋጋው ነው፤ ጎማው እንደገና በራጂ መሠራት ስላለበት የመካኒክ ሙያም ይጠይቃል።

ጀርመኖች ለዚህ ኢንዱስትሪ ያደረጉት ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። የመንገድ ሕጋቸው እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ድረስ በአብዛኛው ሳይክል ላይ ዲናሞ እንዲኖር ያስገድድ ነበር። ነፃ ገበያ ወዳዱ ይህን ሰምቶ ፊቱን ያጨማድድ ይሆናል፤ ነገር ግን ያ ግዴታ ትናንሽ ፋብሪካዎች የተረጋገጠ ገዢ እንዲያገኙ አድርጎ በዓለም የታወቀ የሳይክል መብራት ኢንዱስትሪ ፈጠረ። ግዴታው ሲነሳ ኢንዱስትሪው አልሞተም። በሁለት እግሩ ቆሞ ነበርና።

አሮጌው ዲናሞ ስም ያጎደፈበት አንድ ትልቅ ምክንያት አምፑሉ ነበር። የክሩ አምፑል ቀስ ሲባል ይፈዛል፤ ቁልቁለት ላይ ሲበር ይቃጠላል። የፊቱ ሲቃጠል ደግሞ ኃይሉ ሁሉ ወደ ኋለኛው ስለሚዞር እሱም በደቂቃ ይከተለዋል፤ ባለቤቱም ሁለት አምፑል ይገዛል። ሲቆም ፈጽሞ ይጠፋል። አሁን ኤል.ኢ.ዲ. የሚባለው አምፑል እነዚህን ሁሉ ቀይሯቸዋል። በዚያችው 3 ዋት ብዙ እጥፍ ብርሃን ይሰጣል፣ በቀላሉ አይቃጠልም፤ በውስጡ ባለች ትንሽ የኃይል ማጠራቀሚያ አማካይነትም ሳይክሉ ቆሞ እንኳ ለጥቂት ደቂቃዎች ይበራል። ገበያው ዲናሞን የጣለው ዲናሞ ከመቼውም በላይ ሊጠቅም በሚችልበት ሰዓት መሆኑ ነው የሚገርመው።

ዳገቱስ?

ሆሳዕናን የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ እጁን ያነሳል። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትርን አልፎ የተቀመጠ፣ ዳገትና ቁልቁለቱ የማያልቅ ነው፤ ዱራሜም በሐምበርቾ ተራራ ግርጌ ናት። ሳይክል የሐዋሳና የባሕር ዳር ነው እንጂ የእኛ አይደለም ይባላል። እውነትነት አለው። ዳገት ላይ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር የሚገፋ ሰው ዲናሞው ደብዛዛ ብርሃን ነው የሚሰጠው።

ሆኖም ነገሩን ገልብጦ ማየት ይቻላል። ዳገት ላይ ዘገምተኛ ሰው ጥቂት ብርሃን ይበቃዋል፤ ብዙውን ጊዜ ወርዶ ነው የሚገፋው። አደጋው ያለው ቁልቁለቱ ላይ ነው። ዲናሞ ደግሞ በጣም የሚያበራው ፍጥነት ሲጨምር፣ ማለትም ብርሃን በጣም በሚያስፈልግበት ቦታ ነው። ነጂው በሚንደረደርበት ጊዜ የሚወስደው ኃይልም ከእግሩ ሳይሆን ከቁልቁለቱ ነው። ለዳገታማ ከተማ የተፈጠረ መብራት ቢኖር ይህ ነው ማለት ይቻላል።

በተጨማሪ ሀዲያና ከምባታ ሁሉ ዳገት አይደለም። ከሀላባ ቁሊቶ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ሾኔ ከሆሳዕና ይልቅ ቆላማና ሜዳማ ናት። ሀላባ ራሱ የጋሪ አገር ነው። ዲናሞ ሊሸጥ የሚፈልግ ሰው ሆሳዕና ላይ መጋዘን ይዞ ሾኔ ላይ ቢሸጥ የሚደነቅ ነገር አይሆንም።

ባጃጁ ሌላው ተቃውሞ ነው። ባጃጅና ሞተር ሳይክል ከተሞቹንም ገጠሩንም ወርረው እያሉ ሳይክል ምን ያደርጋል? መልሱ ከነዳጅ ማደያው ሰልፍ ላይ ይገኛል። ባጃጅ የሚገዛና ሳይክል የሚገዛ ሰው አንድ ዓይነት ኪስ የላቸውም፤ ሁለቱ ገበያዎች ሁልጊዜም ጎን ለጎን ነው የሚኖሩት። ነዳጅ በጨመረ ቁጥር ከባጃጁ ሂሳብ ወደ ሳይክሉ የሚወርድ ሰው አለ።

ብርቱው ተቀናቃኝ ግን ሌላ ነው፤ ቻርጅ የሚደረገው ትንሽ መብራት። ዋጋው ይረክሳል፣ መሪው ላይ በላስቲክ ይታሰራል፣ ከሳይክሉ ነቅሎ ቤት ውስጥ መጠቀም ይቻላል። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ በሳምንት አንዴ ማታ ለሚነዳ ወጣት ይህ ይበቃል፤ ዲናሞ ግዛ ብሎ ማስቸገር አያስፈልግም። የሚያዳግተው በየቀኑ ለሚሠራው ሰው ነው። ቻርጅ ማድረግ የቤት መብራት ይፈልጋል፤ ከአገሪቱ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ያ የለውም፤ ያለውም ቢሆን ሲቋረጥበት ያመሻል። እየተነቀለ የሚወሰድ መብራት ይረሳል፣ ይሰረቃል፣ ልጅ ይጫወትበታል። በሥራ ሳይክል ላይ የተቦለተ ዲናሞ ግን ሁልጊዜ ከሳይክሉ ጋር ነው። ስለዚህ የዲናሞ ገዢ ማን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ዳቦ አከፋፋዩ፣ ወተት አመላላሹ፣ ከዶዮገናና ከአንጋጫ ድንች የሚያወርደው፣ የማታ ጥበቃ ሠራተኛው። ቁጥራቸው ሚሊዮን አይደለም። የሚከፍሉበት ምክንያት ግን አላቸው፤ ለነጋዴ ከዚህ የሚበልጥ ደንበኛ የለም።

ደላላ ሆይ፣ ተጠንቀቅ

አዲስ ነገር ገበያ በገባ ቁጥር አብሮት ተአምር የሚሸጥ ሰው ይገባል። “ጎማህን አዙረህ ቤትህን አብራ፣ ስልክህን በነፃ ቻርጅ አድርግ” የሚል ወሬ መነሳቱ አይቀርም። ሂሳቡ እንዲህ ነው። በቀን ሁለት ሰዓት የሚነዳ ሰው በ3 ዋት 6 ዋት-ሰዓት ያመርታል። አንድ ዘመናዊ ስልክ ደግሞ ለመሙላት ወደ 15 ዋት-ሰዓት ይፈልጋል። መብራቱን አጥፍቶ ሁሉንም ለስልኩ ቢሰጥ እንኳ ከሁለት ቀን በላይ ይፈጅበታል። አንድ ኪሎ ዋት-ሰዓት፣ ያች መብራት ኃይል በጥቂት ብር የሚሸጣት፣ ከ330 ሰዓታት በላይ ፔዳል ማዞር ትጠይቃለች። በሳይክል ኤሌክትሪክ ለማምረት የሚያስብ ባለሀብት ገንዘቡን ቢያስቀምጥ ይሻለዋል። የዲናሞ ዋጋ ያለው በመጠኑ ሳይሆን በቦታው ነው፤ ሽቦ በማይደርስበት መንገድ ላይ፣ በሚያስፈልግበት ደቂቃ መገኘቱ ነው።

ፋብሪካ ለማቋቋም ለሚጣደፈውም እንዲሁ። በየከተማው ሞተር የሚጠቀልሉ ቴክኒሻኖች ስላሉ ሽቦ መጠቅለል አይቸግርም ይባል ይሆናል። ማግኔቱ ግን ከውጭ ነው፤ ኩሽኔታው ከውጭ ነው፤ የመዳብ ሽቦው ከውጭ ነው። ሁሉን ከውጭ አምጥቶ ለመግጠም የመሠረት ድንጋይ ማስቀመጥና ሪባን መቁረጥ ትርፍ አያመጣም። አሁን ያለው ገበያ የሚችለው ዕቃውን አስመጥቶ፣ ማያያዣ ብረቱን እዚሁ ላሜራ ቆርጦ፣ ሽቦውን ዘርግቶ፣ ገጥሞ፣ ዋስትና ሰጥቶ መሸጥ ነው። የሆሳዕናና የዱራሜ ብረታ ብረት ቤቶች በር እየሠሩ በሚተርፋቸው ቁርጥራጭ ማያያዣውን ሊሠሩት ይችላሉ።

የውጭ ምንዛሪው ነገር አይረሳም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አስመጪው ዶላሩን በውድ ነው የሚገዛው። ይሁን እንጂ ይኼው ውድነት ለትናንሽ ዕቃ ነጋዴ የተደበቀ ጥቅም አለው። ሙሉ ሳይክል ኮንቴነር ውስጥ አየር ይዞ ነው የሚመጣው፤ ከጅቡቲ እስከ ሆሳዕና ከሚከፈለው የማጓጓዣ ኪራይ ጥቂት የማይባለው ለባዶ ቦታ ነው። ዲናሞና አምፑል ግን በመዳፍ የሚያዙ ናቸው፤ አንድ ካርቶን ሱቅ ይሞላል። ካፒታሉ ትንሽ ለሆነና በአንድ ኤል.ሲ. ዓመቱን ማለፍ ለሚፈልግ ሰው የዶላሩን እያንዳንዱን ሳንቲም የሚሠራበት ዕቃ ነው። በተለይም አዲስ ሳይክል መግዛት ያቃተው ሰው አሮጌውን መጠገን ስለሚጀምር የመለዋወጫ ገበያ ሁልጊዜ በችግር ጊዜ ይደምቃል።

በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ሳይክሎችና ሞተሮች መምጣታቸውም እርግጥ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ነጋዴው ዓይኑን ወደ ባትሪ አዙሯል። ባትሪ ያለው ሳይክል መብራቱንም ከባትሪው ስለሚያገኝ ዲናሞ አያሻውም። ስለዚህ የዚህ ዕቃ ዕድሜ ዘላለማዊ ነው ተብሎ አይታሰብም። ለአሥር ዓመት ዕቅድ አይሆንም፤ ለሦስትና ለአራት ዓመት ግን ይሆናል። አብዛኛው ነጋዴ ከዚያ በላይ ርቆ አያስብም።

ገንዘቡ የለም አይባልም

ሀዲያና ከምባታ ካፒታል የላቸውም ማለት አይቻልም። ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ የአካባቢው ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲጎርፍ ኖሯል፤ ብዙው ሕይወቱን እየከፈለ። ከጆሃንስበርግና ከደርባን ጓሮ ሱቆች የተላከው ገንዘብ በሆሳዕና ፎቅ ሆኗል፣ ሆቴል ሆኗል፣ ባጃጅና ሚኒባስ ሆኗል። ሆሳዕና በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ደግሞ የቦታ ዋጋ ይበልጥ ተሰቀለ። ደላላው ለእያንዳንዱ ተመላሽ የሚነግረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ “ቦታ ግዛ።”

ቦታ መግዛቱ ስህተት ነው ማለት አይደለም። ግን ሁሉም ቦታ ሲገዛ ዋጋው እርስ በርስ ነው የሚገፋፋው፤ ከገንዘቡ ጋር አዲስ ዕቃ፣ አዲስ አገልግሎት፣ አዲስ ሥራ አይፈጠርም። ያው ወጣት ደቡብ አፍሪካ በነበረ ጊዜ ያተረፈው በቦታ አልነበረም፤ በጠባብ ሱቅ ውስጥ ሳሙና፣ ዳቦና የስልክ ካርድ በችርቻሮ እየሸጠ ነው። ሰዎች በየቀኑ የሚፈልጉትን ትንሽ ዕቃ ማየትና ማቅረብ የተማረው እዚያ ነው። አገሩ ሲመለስ ይህን ዓይን ደላላው ይጋርደዋል።

ነገሩን መሞከር ለሚፈልግ ሰው ብዙ ገንዘብ አያስፈልገውም። ሃያ ዲናሞ ከኤል.ኢ.ዲ. መብራት ጋር አስመጥቶ፣ አንድ የታወቀ የሳይክል መካኒክ ጋር ተስማምቶ፣ ማታ ለሚሠሩ ሃያ ሰዎች በየሳምንቱ እንዲከፍሉ አድርጎ መስጠት ይችላል። ክፍያው ለባትሪ ድንጋይ ያወጡት ከነበረው ካልበለጠ ማንም አይሸሽም። ዕድር ያላቸው ሰዎች ቢሆኑ ደግሞ ዋስ መፈለግ አያሻም።

መካኒኩ ግን ሥራውን ማወቅ አለበት፤ አሮጌው ዲናሞ ስሙ የጠፋው በአገጣጠም ጉድለትም ጭምር ነውና። የዲናሞው ራስ በጎማው ጎን በኩል ያለችውን የተከረከረች መስመር መንካት አለባት፤ ዘንጓም ሲታይ በቀጥታ ወደ ጎማው መካከል፣ ወደ ሞዞው መጠቆም ይኖርበታል። ትንሽ ከተጣመመች ትጮሃለች፣ ጎማ ትበላለች፣ ኃይልም ታባክናለች። ጎማው ንፋስ ካነሰው ትንሸራተታለች። ከዲናሞው ወደ መብራቱ የሚሄደው ሽቦ ብዙውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ መመለሻው የሳይክሉ ብረት ራሱ ነው። ስለሆነም ማያያዣው ላይ ያለችው ሾጣጣ ብሎን ቀለሙን ቀድዳ ብረቱን ካልነካች መብራቱ አይበራም፤ ባለቤቱም “ተበላሽቷል” ብሎ ይመልሰዋል። የአዲስ ሳይክል ቀለም ወፍራም ስለሆነ ይህች ብሎን ሳትጠብቅ የቀረችባቸው ብዙ ናቸው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጭቃው ራሷን ስለሚያለብሳት በየጠዋቱ በጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል። ሃያዎቹን ሰዎች ለመምረጥ የሚሻለው ከሰኔ በፊት ነው።